ብራዘርሁድ ኦፍ ሴንት ሎረንስ፦ የቤተ ክርስቲያን ነው ወይስ የሁሉም? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሜልበርን አዲስ የገቡ ወገኖች ቡና ላይ ደጋግመው የሚጠይቁኝን እዚህ ሰብስቤዋለሁ፤ ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ብራዘርሁድ ኦፍ ሴንት ሎረንስ ምንድን ነው?

ድህነትን ለመዋጋት የቆመ የአውስትራሊያ በጎ አድራጎት ድርጅት ነው። ዋና መሥሪያ ቤቱ ሜልበርን ውስጥ፣ ፊትዝሮይ በሚባለው ሠፈር፣ ብራንዝዊክ ስትሪት ላይ ይገኛል። ስሙን ወደ አማርኛ እንመልሰው ካልን «የቅዱስ ሎረንስ ወንድማማች ማኅበር» ይሆናል። ሰው ግን ባጭሩ «ብራዘርሁድ» ይለዋል፤ እኔም እንደዚያው እላለሁ።

ብዙው ሐበሻ መጀመሪያ የሚያውቀው በሱቆቹ ነው። ያገለገለ ልብስ፣ የቤት ዕቃና መጽሐፍ የሚሸጥባቸው ኦፕ ሾፖች አሉት፤ አገር ቤት ሰልባጅ ተራ እንደምንለው። እኔ ሜልበርን የገባሁት ሐምሌ ላይ ነበር፤ እዚህ ሐምሌ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። የመጀመሪያ ጃኬቴን የገዛሁት ከእንደዚህ ያለ ሱቅ ነው። ኪሱ ውስጥ የሌላ ሰው የትራም ትኬት አገኘሁ፤ ለብዙ ጊዜ አልጣልኩትም። ሱቁ በአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን ሥር ያለ ድርጅት ንብረት መሆኑን ያወቅኩት ግን ከዓመታት በኋላ ነው።

አንግሊካን ካቶሊክ ነው ፕሮቴስታንት?

ከሁለቱም አለበት። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን በ1534 በንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ዘመን ከሮም ተለየች። ከዚያ በኋላ ከፕሮቴስታንቱ ተሐድሶ ብዙ ወሰደች። ጳጳሱን፣ ቄሱን፣ ዲያቆኑንና ቅዳሴውን ግን አልተወችም። አውስትራሊያ ውስጥም እስከ 1981 ድረስ በይፋ የምትጠራው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያንነት ነበር። አገር ቤትም እንግዳ አይደሉም፤ አዲስ አበባ ላይ ቅዱስ ማቴዎስ አላቸው፣ ጋምቤላም ብዙ ምእመን አላቸው።

በውስጧ የተለያየ ወገን አለ። ብራዘርሁድን የጀመሩት ሰዎች ወደ ካቶሊኩ ሥርዓት ከሚጠጋው ወገን ናቸው። ዕጣኑ፣ ልብሰ ተክህኖው፣ ቅዳሴው ለኦርቶዶክስ ሰው ዓይን ብዙ አይርቅም። ይህ ወገን ደግሞ በእንግሊዝም በአውስትራሊያም ከድሆች ሠፈር ጋር የቆየ ቁርኝት አለው።

ቅዱስ ሎረንስ ማን ነው? ለምን በእሱ ስም ተሰየመ?

ሎረንስ በ3ኛው መቶ ዘመን ሮም ከተማ ውስጥ ካገለገሉት ሰባት ዲያቆናት ዋናው ነበር። እኛ እስጢፋኖስን ሊቀ ዲያቆናት እንደምንለው፣ ሮማውያንም ሎረንስን እንደዚያ ያዩታል። ሥራው የቤተ ክርስቲያኑን ገንዘብ መያዝና ለነዳያን ማደል ነበር። በ258 ንጉሠ ነገሥቱ ቫሌሪያን ክርስቲያኖችን ሲያሳድድ ጳጳሱ ሲክስቶስ 2ኛ ተገደሉ። የከተማዋ ሹም ሎረንስን ጠርቶ «የቤተ ክርስቲያኑን ሀብት አምጣ» አለው።

ትውፊቱ እንደሚለው ሎረንስ ሦስት ቀን ጠየቀ። በሦስቱ ቀን ውስጥ ያለውን ሁሉ አደለ። ከዚያ ዓይነ ስውሩን፣ አንካሳውን፣ መበለቷን፣ ወላጅ የሌለውን ሕፃን ሰብስቦ ሹሙ ፊት አቆማቸውና «የቤተ ክርስቲያን ሀብት እነዚህ ናቸው» አለ። በእሳት ላይ ተጠብሶ ሞተ ይባላል። የምዕራቡ ቤተ ክርስቲያን ኦገስት 10 ቀን ያስበዋል።

ስሙ በዘፈቀደ የተመረጠ አይመስለኝም። ሎረንስ ድሆቹን ሹሙ ፊት ሲያቆም «ክርስቲያን የሆናችሁ ወዲህ፣ ያልሆናችሁ ወዲያ» ማለቱን ትውፊቱ አይነግረንም። የዚህን ድርጅት ጠባይ ለመረዳት እኔን የረዳኝ ይህ ታሪክ ነው።

ማን መሠረተው? መቼ?

ጄራርድ ተከር የሚባሉ ቄስ ናቸው። በ1885 ሜልበርን ተወለዱ፤ አባታቸውም ቄስ ነበሩ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘምተዋል። ብራዘርሁድን የመሠረቱት በ1930 ነው፤ ቦታውም ሜልበርን አልነበረም። ኒው ሳውዝ ዌልስ ውስጥ፣ ኒውካስል በምትባለው የከሰልና የብረት ከተማ፣ አዳምስታውን የሚባል ሠፈር ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ደብር አስተዳዳሪ ሳሉ ነው። ከሊቀ ዲያቆናቱ ደብር ተነስቶ በሌላው ዲያቆን ስም ማኅበር ማቋቋም፤ ይህን ሳስብ ሁሌ ደስ ይለኛል።

ጊዜው ክፉ ነበር። የዓለም ኢኮኖሚ ወድቋል። በ1932 ከአውስትራሊያ ሠራተኛ ወደ 30 ከመቶ የሚጠጋው ሥራ አጥ ነበር። በ1933 አባ ተከርና ጓዶቻቸው ወደ ሜልበርን እንዲመጡ ተጋበዙና ፊትዝሮይ ገቡ። ፊትዝሮይ ዛሬ ማኪያቶው ውድ፣ ቤቱ ውድ የሆነ ሠፈር ነው። ያኔ ግን ጠባብ ቅያስ፣ የሚያፈስ ጣሪያ፣ ባንድ ክፍል የታጨቀ ቤተሰብ ነበር። ለሥራ አጥ ወጣቶች ማደሪያ ከፈቱ። በ1935 ደግሞ ከከተማው ወጣ ብሎ ካረም ዳውንስ በሚባል ቦታ ሥራ አጥ ቤተሰቦችን አሰፈሩ። እዚያ ሰው ትንሽ ቤትና የሚያለማው መሬት አገኘ። የሥራ አጡ ዘመን ሲያልፍ ቦታው የአረጋውያን መንደር ሆነ።

በ1946 ፊትዝሮይ ላይ ኩሊባ የሚባል የአረጋውያን መዋያ ተከፈተ። ብቻውን ባንድ ክፍል የሚኖር ሽማግሌ መጥቶ ትኩስ ምሳ የሚበላበት፣ ካርታ የሚጫወትበት፣ ስሙን የሚጠራው ሰው የሚያገኝበት ቤት ማለት ነው። አባ ተከር በ1974 በ89 ዓመታቸው አረፉ።

«ወንድማማች» ሲባል መነኮሳት ናቸው እንዴ? ሴቶችስ?

ሲጀመር ወደ ምንኩስና የተጠጋ ነገር ነበር። ቄሶችና ምእመናን ወንዶች ባንድ ቤት ይኖራሉ፣ አብረው ይጸልያሉ፣ አብረው ይበላሉ። ማኅበርተኛ እስከሆኑ ድረስ አያገቡም። የፊትዝሮይ ድሃ የሚያየውም እነዚህን ጎረቤቶቹን ነበር። ማታ ወደ ሌላ ሠፈር የሚመለስ ሰው አልነበረም።

ያ አኗኗር ብዙ አልዘለቀም። ወንድሞቹ አንዳንዱ አገባ፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ አገልግሎት ሄደ። ሥራውን ማኅበራዊ ሠራተኞች፣ ተመራማሪዎችና በጎ ፈቃደኞች ተረከቡት፤ ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ ሴቶች ናቸው። በ1970ዎቹ ብራዘርሁድን በአዲስ መንገድ ከመሩት ሰዎች አንዷ ኮኒ ቤን የተባሉ ማኅበራዊ ሠራተኛ ናቸው። ስለ እሳቸው ወደ ኋላ እመለሳለሁ። የቀረው ስሙ ነው፤ በስሙ ሥር ዛሬ የሚሠራው ግን ወንድም ብቻ አይደለም።

እርዳታ ለማግኘት ክርስቲያን መሆን አለብኝ?

የለብዎትም። ይህን ጥያቄ ከሁሉ በላይ የሚጠይቁኝ ሙስሊም ወገኖቼ ናቸው፤ ቀጥሎ ደግሞ «እኛ ተዋሕዶ ነን፣ ወደነሱ ሂዱ ይሉን ይሆን?» የሚሉ እናቶች። መልሱ ለሁሉም አንድ ነው። ሃይማኖትዎ የአገልግሎት መስፈርት አይደለም። መስፈርት የሚሆነው ገቢ፣ የልጅ ዕድሜ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ዓይነት ወይም የሠፈር አድራሻ ነው፤ እሱም እንደ ፕሮግራሙ ይለያያል።

አንዲት ጎረቤቴ መጀመሪያ የሄደች ቀን ሂጃቧን አውልቃ በሻርፕ ብቻ ተከናንባ ነበር። «ቤተ ክርስቲያን ነው ስላሉኝ ፈራሁ» አለችኝ በኋላ። የተቀበለቻት ሠራተኛ ራሷ ሂጃብ ለብሳ ነበር። ጎረቤቴ ይህን ስትነግረኝ አንዴ ትስቃለች፣ አንዴ ዓይኗ እንባ ያቀራል።

ልጆቼን ሃይማኖት ያስተምሩብኛል?

አያስተምሩም። የልጆች ፕሮግራሞቹ ስለ ፊደል፣ ስለ ቁጥር፣ ስለ ጨዋታ፣ ስለ ትምህርት ቤት ዝግጅት ናቸው። ጸሎትም የመጽሐፍ ቅዱስ ትምህርትም የላቸውም። ልጅዎን ሰንበት ትምህርት ቤትም መድረሳም መውሰድ የእርስዎ ፋንታ ነው።

ለእኛ ለስደተኞች ምን ይሠራል?

ብራዘርሁድ ከስደተኛ ጋር የሚሠራው ከትናንት ወዲህ አይደለም። ለስደተኞች የቆመ ኢኩሜኒካል ማይግሬሽን ሴንተር የሚባል ተቋም በ1999 ወደ ብራዘርሁድ ገብቷል። ሥራ ፍለጋ ላይ ደግሞ ጊቨን ዘ ቻንስ የሚባል ፕሮግራም አለ፤ አገር ውስጥ የሥራ ልምድ የሌለውን ስደተኛ አሠልጥኖ ኤኤንዜድ ባንክን ከመሰሉ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ጋር ያገናኛል። «የአውስትራሊያ ልምድ አለህ?» ተብሎ አሥር ጊዜ የተመለሰ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቀዋል። ሴቨር ፕላስ የሚባለውም አለ፤ በ2003 ከዚያው ባንክ ጋር የተጀመረ ነው። ገቢው ዝቅ ያለ ቤተሰብ ለትምህርት ብሎ ሲቆጥብ በላዩ ይደመርለታል ተብሎ ነው የተነሳው። ከመሄድዎ በፊት ግን የወቅቱን መስፈርት ደውለው ይጠይቁ።

እኔን የሚያስደንቀኝ ሂፒ የሚባለው ነው። ከ1960ዎቹ ጸጉረ ረጃጅሞች ጋር ግንኙነት የለውም። ትምህርት ቤት ያልገባ ሕፃን እቤቱ ከእናቱ ወይም ከአባቱ ጋር የሚማርበት ፕሮግራም ነው። የተጀመረው በ1969 ኢየሩሳሌም፣ ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ ፈጣሪዋ አቪማ ሎምባርድ ትባላለች። ያኔ የታሰበው እስራኤል ለገቡ ስደተኛ ቤተሰቦች ነበር። ብራዘርሁድ በ1998 ፊትዝሮይ ላይ ጀመረው፤ በኋላ በመንግሥት ድጋፍ በአገሪቱ ወደ 100 ሠፈሮች ተዳረሰ። ከእነሱ ውስጥ ብዙዎቹ የአቦርጂናል፣ የአገሪቱ ነባር ሕዝብ፣ ማኅበረሰቦች ናቸው። በአይሁዳውያን ዩኒቨርሲቲ የተወለደ ሐሳብ፣ በአንግሊካን ድርጅት ተይዞ፣ የሙስሊምና የኦርቶዶክስ እናቶች ሳሎን ይገባል።

እንዴት እንደሚሠራ ባይኔ አይቻለሁ። ከፊትዝሮይ ባለ 20 ፎቅ ሕንፃዎች ባንዱ፣ የአንዲት እህት ቤት ቡና ላይ ተቀምጬ ነበር። አስተማሪዋ መጣች፤ እሷም የዚያው ሠፈር እናት ናት። ቦርሳዋን ከፍታ የሥዕል መጽሐፍና የሥራ ወረቀት አወጣች። ልጁን አላስተማረችውም። እናቱን አስተማረቻት፣ እናቲቱ እንደ ልጁ ሆና፤ ከዚያ ተገለባበጡ። እህታችን መጽሐፉን ባማርኛ ተረከችው። «በእንግሊዝኛ ካልሆነ ያስቀይምብኛል ብዬ ነበር» አለች። አስተማሪዋ «በራስሽ ቋንቋ ማንበብሽ ነው የሚጠቅመው» አለቻት። ጀበናው ሲንተከተክ ልጁ ክቡን ከካሬው እየለየ ነበር።

ሌላስ ምን ይሠራል?

የአረጋውያን እንክብካቤ አለው። የአካል ጉዳተኞችን መድን፣ ኤን ዲ አይ ኤስ የሚባለውን፣ በአንዳንድ የሜልበርን ሠፈሮች ሰዎች እንዲደርሱበት ይረዳል። ለወጣቶች የሥራና የትምህርት ፕሮግራም አለው። ያገለገሉ መጻሕፍትን በኢንተርኔት ይሸጣል። የተመራማሪዎች ክፍልም አለው። ይህን የመጨረሻውን ብዙ ሰው አያውቅም፤ የድርጅቱ ግማሽ ጉልበት ያለው ግን እዚያ ነው ብዬ አምናለሁ።

አንግሊኬር ከሚባለው ጋር አንድ ነው?

አንድ አይደለም፤ ዘመዳሞች ናቸው። አንግሊኬር በየክፍለ ሀገሩ ያሉ የአንግሊካን በጎ አድራጎት ድርጅቶች የሚጠሩበት ስም ነው። ለምሳሌ አንግሊኬር ቪክቶሪያ በ1997 ሦስት የቆዩ የቤተ ክርስቲያን ተቋማት ተዋህደው የተፈጠረ ነው፤ ሥራውም በብዛት በሕፃናትና በቤተሰብ ላይ ነው። ብራዘርሁድ በራሱ አስተዳደር የቆመ ሌላ ድርጅት ነው። የተሳሳተ ቢሮ ቢሄዱ ግን አይጨነቁ፤ ወዴት እንደሚሄዱ ይነግሩዎታል።

ኦክስፋም ከብራዘርሁድ ወጣ ይባላል። እውነት ነው?

የአውስትራሊያው ኦክስፋም፣ አዎ። አባ ተከር በ1953 «ምግብ ለሰላም» የሚል ዘመቻ ጀመሩ። የፊትዝሮይን ድሃ እያዩ የህንድን ድሃ መርሳት አልሆነላቸውም። ዘመቻው በ1962 ኮሚዩኒቲ ኤይድ አብሮድ የሚባል ድርጅት ሆነ፤ የእህታቸው ልጅ ዴቪድ ስኮት ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። ያ ድርጅት ነው በኋላ ኦክስፋም አውስትራሊያ የሆነው። ኦክስፋም ኢትዮጵያ ውስጥ ሲሠራ ያየ ሰው የዚያን የአንዱን ዛፍ ቅርንጫፍ አይቷል ማለት ነው።

የቤተ ክርስቲያን ድርጅት ከሆነ ለምን ፖለቲካ ውስጥ ይገባል?

ይህን ጥያቄ የእኛ ሰው በጥንቃቄ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ ይጠይቀዋል። ባገራችን ልምድ ለነዳያን ዳቦ መስጠት ጽድቅ ነው። «ለምን ተራቡ?» ብሎ መጠየቅ ግን ሌላ ሰፈር ያስገባል። ብራዘርሁድ ሁለቱን ለይቶ አያውቅም። አባ ተከር ፊትዝሮይ እንደገቡ ሾርባ ብቻ ማደል ዋጋ እንደሌለው አዩ። ቤቱ ያፈሳል፣ ልጁ በሳል ይታመማል፣ ኪራዩ ግን ይጨምራል። ስለዚህ ፎቶ አነሱ፣ ፊልም ሠሩ፣ ባለሥልጣኑን እየጎተቱ ሠፈሩን አሳዩት። ከ1940ዎቹ ጀምሮም ጥናት የሚያጠና ሰው ቀጠሩ።

ፍራንክ ኮልድሬክ የሚባሉ ቄስ ነበሩ፣ ከወንድሞቹ አንዱ። ጦርነትን የሚቃወሙ ሰላማዊ ሰው ናቸው። በ1940ዎቹ ተከራዮች ከቤታቸው ሲባረሩ ለመቃወም የቤቱ በረንዳ ላይ ተቀምጠው ለሳምንታት አደሩ። ቄስ፣ በረንዳ ላይ፣ በብርድ። የኪራይ ሕጉ ጉዳይ የከተማው ወሬ ሆነ። በኋላ ጦርነቱ ሲያልቅ ትናንት ጠላት ወደነበረችው ጃፓን ሄደው ለዓመታት አገለገሉ። እኔ ይህን ፖለቲካ ለማለት ይከብደኛል። ነቢዩ ኤርምያስ ቢያየው የሚያውቀው ነገር ነው።

እርዳታ መስጠት ራሱ ሰውን አያዋርድም ወይ?

ያዋርዳል፣ እንዳሰጣጡ። ኮኒ ቤን ብዬ የጠቀስኳቸው ሴት ከዚህ ጥያቄ ጋር ታግለዋል። ብራዘርሁድ ከ1972 እስከ 1975 ፊትዝሮይ ላይ የቤተሰብ ማዕከል የሚባል ሙከራ አካሄደ። ድሃ ቤተሰቦች ተመረጡ። መጀመሪያ ገቢያቸው ከድህነት በላይ እንዲሆን ገንዘብ ተሰጣቸው። ሒሳብ አምጡ፣ ደረሰኝ አሳዩ የሚላቸው አልነበረም። ከዚያ ማዕከሉን የማስተዳደር ሥልጣን ቀስ በቀስ ለራሳቸው ተላለፈ። ባለሙያው ወደ ጎን አለ፤ እናቶቹ ስብሰባ መሩ፣ ሠራተኛ ቀጠሩ።

የሙከራው ሐሳብ ቀላል ነው። ድሃ የጎደለው ብር ብቻ አይደለም፤ መረጃ ይጎድለዋል፣ ሰው ይጎድለዋል፣ ውሳኔ ላይ ድምፅ ይጎድለዋል። ዕድር ያለው ሰው ይህን ወዲያው ይገባዋል። ዕድር ገንዘብ ብቻ ቢሆን ኖሮ ድንኳን ተከላ ማን ይመጣ ነበር?

ቤተ ክርስቲያናት በሕፃናት ላይ የደረሰውን በደል ሸፍነዋል ይባላል። እንዴት ላምናቸው?

ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ቆጣ ብሎ መጠየቁም ተገቢ ነው። አውስትራሊያ ከ2013 እስከ 2017 ድረስ በተቋማት ውስጥ በሕፃናት ላይ የተፈጸመ ወሲባዊ ጥቃትን የሚመረምር ንጉሣዊ ኮሚሽን አቋቁማ ነበር። የብዙ ቤተ ክርስቲያናት፣ የአንግሊካኗም ጭምር፣ ጉድ ወጥቷል። በ1980ዎቹ ብራዘርሁድን የመሩት ፒተር ሆሊንግዎርዝ በኋላ የብሪዝበን ሊቀ ጳጳስ፣ ከዚያም የአገሪቱ ጠቅላይ ገዢ፣ ማለትም የንግሥቲቱ እንደራሴ፣ ሆኑ። በሊቀ ጳጳስነታቸው ዘመን የጥቃት አቤቱታዎችን በያዙበት መንገድ ብርቱ ወቀሳ ደረሰባቸውና በ2003 ከጠቅላይ ገዢነታቸው ለቀቁ። ወቀሳው የብሪዝበን ዘመናቸውን የሚመለከት ነው። ቢሆንም የድርጅቱን ታሪክ የሚያወራ ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ የለበትም።

ዛሬ ቪክቶሪያ ውስጥ ከልጆች ጋር የሚሠራ ሰው በሕግ የጀርባ ምርመራ ማለፍ አለበት፤ ቄስ ይሁን በጎ ፈቃደኛ። ልጅዎን የሚይዝ ሰው ሲመጣ ካርድዎን አሳዩኝ ማለት ነውር አይደለም። ማንም ጨዋ ሠራተኛ አይቀየምም።

አብዛኛው ገንዘብ ከመንግሥት ከመጣ ምኑ ነው የቤተ ክርስቲያን?

እውነት ነው፣ መንግሥት በውል ብዙ ሥራ ይሰጠዋል። ውሉ ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። የመንግሥት ብር የሚበላ ድርጅት መንግሥትን ለመናገር አፉ ይከብደዋል። ውሉ ሲያልቅ ፕሮግራሙም ያልቃል፤ የተላመዱት ሠራተኛ ባንድ ጊዜ ይጠፋል። ይህ የአውስትራሊያ በጎ አድራጎት ሁሉ ሕመም ነው።

ቤተ ክርስቲያንነቱ የሚታየው ሌላ ቦታ ነው። በየሱቁ ደሞዝ ሳይቀበሉ ቆመው ልብስ የሚያጥፉ አዛውንቶች አሉ፤ ብዙዎቹ ከየደብሩ የመጡ ናቸው። ሲሞቱ ቤታቸውን የሚያወርሱ አሉ። የዚያ ዓይነት ገንዘብ ውል የለውም። ማንም ገና የማይከፍልበትን ነገር ለመሞከር የሚያስችለው እሱ ነው። ሂፒም ባንድ ሠፈር ነው የተጀመረው፤ መንግሥት የመጣው ሥራው ከታየ በኋላ ነው።

ሁሉንም ካቀፈ፣ ክርስትናው አልተሸረሸረም ወይ?

ይህን የሚጠይቁኝ የደብሬ ሰዎች ናቸው። «ሙስሊም ቀጥሮ፣ እምነት የሌለው ቀጥሮ፣ ወንጌል ሳይሰብክ፣ ምን ዓይነት ቤተ ክርስቲያን ነው?» ይላሉ። በንቀት አይደለም የሚሉት፤ ከልባቸው ነው። እኔም መጀመሪያ እንደዚያው አስብ ነበር።

አሁን የማስበው ሌላ ነው። በሉቃስ ወንጌል መንገድ ላይ ወድቆ የተገኘውን ሰው ያነሳው ሳምራዊ ነው፤ ቁስሉን አጥቦ፣ እንግዳ ማረፊያ አስገብቶ፣ ከኪሱ ከፍሎ ሄደ። ሃይማኖትህ ምንድን ነው አላለውም። ካህኑና ሌዋዊው ናቸው ያለፉት። ብራዘርሁድ በሩን ለሁሉ የከፈተው እምነቱን ስለረሳ አይመስለኝም። እያንዳንዱ ሰው በእግዚአብሔር አምሳል ተፈጥሯል ብሎ ከጀመረ፣ የትኛውን ሰው በር ላይ ሊያስቀር ይችላል? የተራበ ሰው ፊት ዳቦ ይዞ «መጀመሪያ ጸልይ» ማለት ጸሎቱንም ዳቦውንም ያረክሰዋል።

አደጋ የለውም አልልም። ሥሩን የማያውቅ ሠራተኛ ሲበዛ፣ ሎረንስ ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ስም ብቻ ሆኖ ሊቀር ይችላል። በውስጡ ያሉ ሰዎችም ይህን ይነጋገሩበታል። እኔ ግን የምመዝነው ባንድ ነገር ነው፤ ያቺ ጎረቤቴ ዳግመኛ ስትሄድ ሂጃቧን ሳታወልቅ ሄዳለች።

እርዳታ መጠየቅ ያሳፍረኛል። ምን ላድርግ?

ይህ ከሁሉም ይከብዳል፤ መልሱም መረጃ ብቻ አይደለም። አገር ቤት ደሞዝተኛ የነበረ፣ ቤቱ እንግዳ የማያጣ ሰው፣ እዚህ መጥቶ ቁጥር ይዞ ወረፋ ሲጠብቅ ጉሮሮው ይደርቃል። ይሉኝታውም አለ። «ሐበሻ ቢያየኝስ?» ብሎ ሌላ ሠፈር ድረስ በባቡር የሚሄድ ሰው አውቃለሁ።

መጀመሪያ በትንሹ ይሞክሩ። ሱቁ ገብተው ልብስ ይግዙ፤ እዚያ ደንበኛ ነዎት፣ ማንም ምንም አይጠይቅዎትም። ልጅ ካለዎት ስለ ሂፒ ይጠይቁ፤ እሱን ደግሞ ሀብታም ድሃ ሳይል እናት ሁሉ ብታገኘው የምትመኘው ነው። ብቻዎን መግባት ከከበደዎት ሰው ይዘው ይሂዱ። አስተርጓሚም ያለ ክፍያ ይጠይቁ፤ ነውር የለውም። ልጅዎን ግን አስተርጓሚ አያድርጉት። ልጅ የወላጁን ችግር በራሱ አፍ መናገር የለበትም።

ያቺ ቡና ያፈላችልን እህት የሂፒን ሁለት ዓመት ከጨረሰች በኋላ አስተማሪ እንድትሆን ጠየቋት። የሂፒ አስተማሪዎች የሚመረጡት እንደዚያ ነው፤ ከራሳቸው ከወላጆቹ መካከል፣ ደሞዝ እየተከፈላቸው። «እንግሊዝኛዬ ይሰበራል» ብላ ነበር። አሁን ማክሰኞ ማክሰኞ ቦርሳዋን አንግታ፣ በሊፍቱ ወደ 14ኛ ፎቅ ወጥታ፣ ከሱዳን የመጣች እናት በር ታንኳኳለች።